ግንቦት 12 በደብረ ሊባኖስ

ሸዋ ውስጥ ያደገ ሰው የደብረ ሊባኖስን ስም መጀመሪያ የሚሰማው ከቀብር ጋር ተያይዞ ነው። አያቴ «አደራ፣ ስሞት ደብረ ሊባኖስ ቅበሩኝ» የምትለው ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ በምታወራበት ድምፅ ነበር። ቡናው ይቀዳል፣ አደራው ይነገራል፣ ወሬው ይቀጥላል። ልጅ ሆኜ ነገሩ አላስፈራኝም። ሞትን መፍራት የጀመርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ ይልቁንም አባቴ ካረፈ ወዲህ ነው። ቀን ሥራና ሰው ስላለ ይረሳል፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ግን ይመጣል። መጀመሪያ የአባቴ ፊት ይታየኛል፣ ከዚያ «ነገ አንተም» የሚል ሐሳብ ይከተላል። ተነሥቼ መብራት አበራለሁ፣ ውኃ እጠጣለሁ፣ ልጆቼ የተኙበትን ክፍል በቀስታ ከፍቼ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን የራቅኩ ሰው አልነበርኩም። በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ እንደማደርግ ከሕዝቡ ጋር እናገራለሁ፤ የምናገረውንም አምነዋለሁ። ይህ በአፌ የምመሰክረው እምነት እዚያ ሌሊት ውስጥ ገብቶ እጄን እንዴት እንደሚይዘኝ ነበር የጨነቀኝ። ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት ከሰፈራችን የጉዞ ማኅበር ጋር የተነሣሁት ይህንኑ ጭንቀት ይዤ ነው።

ከአዲስ አበባ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከጡሪና በደብረ ጽጌ አድርጎ ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ደልዳላ ነው። ግንቦት ላይ መሬቱ ታርሶ ክረምቱን ይጠብቃል፤ እዚህም እዚያም ጥንድ በሬ፣ ከርቀት የባሕር ዛፍ መደዳ፣ ሌላው ሁሉ ሰማይ ነው። አውቶቡሳችን ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ መዝሙሩ ቀጥ አላለም። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ከተጓዝን በኋላ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ስንታጠፍ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ምድሩ ከእግር በታች ይከፈታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነቀሉ ይበላሉ። መንገዱ በገደሉ ጎን እየተጠማዘዘ ይወርድና ዛፍ በከበበው ወለል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ይላል።

የበዓሉ ዋዜማ ስለነበር ግቢው ሰው በሰው ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አንጥፈው ልጆቻቸውን ያስተኛሉ፤ ከሩቅ አገር በእግር የመጡ ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ተንተርሰው ጋደም ብለዋል። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ተቆመ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ጽናጽሉ ይከተላል፣ መቋሚያው ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይጨምርና ሕዝቡ በእልልታ ይቀበላል። በዓሉ የሚከበረው ለአፅም መሆኑ የገባኝ በዚያ ሰዓት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ነሐሴ 24 ቀን አረፉ። እንደ ገድላቸው ከ57 ዓመት በኋላ አፅማቸው ከመጀመሪያው ቦታ ፈልሶ ወደዚህ መጣ፤ ግንቦት 12 የሚከበረው ይህ ፍልሰት ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሌሊት እንቅልፉን ትቶ እልል የሚለው የአንድ መነኩሴ አጥንት ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ በመዛወሩ ነው። ሞት የሁሉ ነገር ማለቂያ ነው ብሎ የሚያስብ ሕዝብ እንዲህ ያለ በዓል ሊኖረው አይችልም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ወደ ጻድቁ ዋሻ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ በወይራና በጥድ መካከል የሚወጣ የድንጋይ መንገድ ነው፤ ሰው ተራ ይዞ ቀስ እያለ ይወጣል። በዚህ ዋሻ ነው አባታችን ለጸሎት በመቆም ብዛት እግራቸው ተሰብሮ በቀረው አንድ እግር ለ7 ዓመት የቆሙት፤ የእግራቸው መሰበር ጥር 24 ይታሰባል። ውስጡ ዝቅ ያለና እርጥብ ነው። ከዐለቱ ጠበል ይንጠባጠባል። አንዲት አሮጊት ከፊቴ ቆመው ነበር፤ ከጀርባቸው ያዘሉትን ጥቅል ፈቱና ከውስጡ በንጹሕ ፌስታል የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ አወጡ። ጨርቁ አዲስ ነው፣ ጥለት የለውም፣ የታጠፈበት መስመር ገና አልለቀቀም። ዘርግተው ከዐለቱ ጠብታ ሥር ያዙት።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው፤ ምን እንደሆነ እየገባኝ።

«መግነዜ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ልጆቼ እንዳይቸገሩ ብዬ ራሴ ገዛሁት። ጠበሉ ከነካው በኋላ በሣጥኔ አስቀምጠዋለሁ።»

ጠብታው አንድ ቦታ ላይ ያርፍና እንደ ሳንቲም ይሰፋል፤ እሳቸው ጨርቁን ትንሽ ገፋ ያደርጉታል፤ ሌላ ጠብታ ይወርዳል። አራቱም ማዕዘን እስኪነካ ጠበቁ። ጣቶቻቸው በሥራ የጎበጡ ናቸው፤ ጨርቁን ግን የሚይዙት ሴት ልጇን ለመዳር የምታዘጋጅ እናት የሙሽራዋን ልብስ በምትይዝበት ጥንቃቄ ነው። ሲጨርሱ አጥፈው ሳሙትና ወደ ጥቅላቸው መለሱት። እኔም ከቤት ይዤው በመጣሁት የውኃ ጠርሙስ ጠበል ቀዳሁ፤ በጠና ታሞ ለተኛ አብሮ አደጌ ነበር።

ከዋሻው አካባቢ ገደሉን ተከትሎ የቆዩ መቃብሮች አሉ። ከየአገሩ «አደራ» ተብሎ የመጣ አፅም በዐለት ጥላ ሥር አርፏል። የሕዝቡ እምነት ለጻድቁ ከተሰጣቸው ቃል ኪዳን ይነሣል፤ በእሳቸው ደጅ ማረፍ፣ በጸሎታቸው ጥላ ሥር ሆኖ ትንሣኤን መጠበቅ ነው ምኞቱ። በመቃብሮቹ መካከል ስቆም ይዞኝ ይመጣል ብዬ የጠበቅኩት ፍርሃት አልመጣም። ሌሊት በመኝታ ክፍሌ የሚያስፈራኝ ሞት ብቸኛ ነው፤ እኔን ብቻ ለይቶ የሚመጣ። እዚህ ያለው ግን ማኅበር አለው። እናቶች፣ ባላገሮች፣ መኳንንት፣ መነኮሳት አንድ ጌታ እስኪጠራቸው ድረስ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አያቴ የምትመኘው ይህን እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ከሰዓት በኋላ ከወይራ ጥላ ሥር ለምእመናን ንፍሮ ሲያድሉ ከነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቆባቸው ከብዙ ፀሐይ ቡናማ ሆኗል። ስለ አገሬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ትንሽ ቆይቼ በልቤ የነበረውን አወጣሁት።

«አባታችን፣ ሞትን ይፈራሉ?»

«ሞትን?» አሉ፤ ንፍሮ የያዘውን ሰሐን አስቀመጡት። «ልጄ፣ የእኔኮ ግንዘት ተነብቧል።»

አንድ ሰው ሲመነኩስ ለዓለም እንደሞተ ተቆጥሮ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደረስለት ሰምቼ አውቅ ነበር። ካለፈበት ሰው አፍ መስማት ግን ሌላ ነው። «መሬት ላይ አስተኙኝ፣ እንደ ሬሳ ሸፈኑኝ። ዓይኔ የሚያየው የጨርቁን ክር ብቻ ነበር። ዕጣኑ ይሸተኛል፣ ካህናቱ ከላዬ ሲደግሙ እሰማለሁ፣ ሰው ሲያለቅስ እሰማለሁ። እናቴ ነበረች።» ዝም አሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሥ አሉኝ፣ ተነሣሁ። ቆቡን ጫኑልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምኖረው በትርፍ ነው።»

ከዚያ በኋላ የጨመሩትን ቃል በቃል እዚህ መድገም አልችልም፤ ሐሳቡ ግን ከእኔ ጋር ነው። ሞትን አልፈራም፣ ፍርዱን ግን እፈራለሁ አሉኝ። እሱን አለመፍራት ድፍረት ነው፤ ስለዚህ በየዕለቱ ንስሐ ይገባሉ፣ ደግሞም የሚፈርደው ለእኛ የሞተው ራሱ ስለሆነ ተስፋ ያደርጋሉ። ስለ መቃብሮቹ ስጠይቃቸው ቦታው ብቻውን ማንንም አያድንም አሉ። ጻድቁ የቆሙለትን ሳይዝ ሰው አጥንቱን ቢያመጣ ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ፍርሃት የነበረኝ አስተሳሰብ ተለወጠ። እምነት ያለው ሰው አይፈራም የሚለውን ስብከት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሌሊት ስፈራ ታዲያ እምነት የለኝም ማለት ነው እያልኩ ሁለተኛ ፍርሃት እጨምርበት ነበር። ወንጌሉ ግን እንዲህ አይልም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ፣ ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ። በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዘነች፣ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ። ሥጋ የለበሰ አምላክ ሞትን ቀላል ነገር አላደረገውም። የጳውሎስ መልእክቶችም ሞትን ወዳጅ አይሉትም፤ የመጨረሻው ጠላት ነው፣ የሚሻረውም ጠላት ስለሆነ ነው። ስለዚህ መንቀጥቀጤ ኃጢአት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የምታደርግልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሞቴን ቀድማ በእጄ ትሰጠኛለች፣ በጸሎትና በዕጣን መካከል፣ በሰው መካከል፣ ተነሥ የሚል ድምፅ ባለበት።

መነኩሴው ከመለያየታችን በፊት ስለ ነገው ቀን ነገሩኝ። «ግንቦት 13 የአባቶቻችን ቀን ነው» አሉ፤ ሁሉም ሰው ሲመለስ እኔ አንድ ሌሊት ለመጨመር የወሰንኩት ለዚህ ነው።

የዚያ ቀን ታሪክ የታወቀ ነው፤ ሆኖም እዚያው ገደል ሥር ተቀምጦ ማሰብ ይከብዳል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም አዲስ አበባ ውስጥ በፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ከተማዋ በደም ታጠበች። ፋሺስቶቹ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተባባሪ ናቸው ብለው ደመደሙ። ጄኔራል ማሌቲ ጦሩን ይዞ ሕዝብ ለፍልሰተ አፅሙ በዓል በተሰበሰበበት ጊዜ ገዳሙን ከበበ። በበዓሉ ማግሥት፣ ግንቦት 13፣ መነኮሳቱን በመኪና እየጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው የወንዝ ዳር ወስደው በመትረየስ ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትንና 23 ሌሎች ሰዎችን እንዳስገደለ አስታወቀ፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ተገደሉ። በኋላ በቦታው ጥናት ያደረጉ የታሪክ ሰዎች የተገደለው ከሺህ በላይ እንደሆነ ደርሰውበታል።

አንድ ነገር ግን በታሪክ መጻሕፍቱ ውስጥ ሲነሣ አላየሁም፣ እኔን ደግሞ አልለቀቀኝም። ግንቦት 12 ሁልጊዜ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ይውላል። በ1929 ትንሣኤ የተከበረው ሚያዝያ 24 ነበር። እነዚያ መነኮሳት መኪና ላይ ሲጫኑ ትንሣኤ ገና 3 ሳምንት አልሞላውም። ዕለቱ ዓርብ ቢሆንም ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን በእነዚህ 50 ቀናት የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክርስቶስ መነሣቱን፣ ሞትን በሞቱ መሻሩን። ጠዋት ማታ ይህን ሲሉ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው ወንዙ ዳር የተሰለፉት። ደግሞም ከእነሱ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው መሬት ላይ ተኝተው ግንዘት የተነበበላቸው ናቸው።

አልፈሩም አልልም። ማን ያውቃል? ምናልባት የአንዱ ጉልበት ተብረክርኳል፣ ምናልባት አንዱ እንደ ጌታው ጽዋው እንዲያልፍ ለምኗል። ስለ ውስጣቸው የመናገር መብት የለኝም። የማውቀው ወታደሮቹ ሊወስዱባቸው የመጡትን ሕይወት እነሱ ከብዙ ዓመት በፊት ለሌላ ባለቤት አስረክበው እንደነበር ነው። ግድያው ግፍ ነው፣ ዛሬም ግፍ ነው፤ የሟቾቹ እምነት ገዳዮቹን ከምንም ነፃ አያወጣም። ግን በዚያ ወንዝ ዳር ሞት የሚያስፈራራበት ትልቁ ዱላው አስቀድሞ ተወስዶበት ነበር።

ይህ ለመነኮሳት ይሁን፤ ለእኛ ለባለትዳሮቹ፣ ለነጋዴዎቹ፣ ለተማሪዎቹስ? በዚያ ምሽት ነጠላዬን ተከናንቤ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት ሚያዝያ 2007ን ነው። ሥራ ፍለጋ በረሃ ያቋረጡ ወደ 30 የሚጠጉ ወገኖቻችን ሊቢያ ውስጥ በአይ ኤስ እጅ ክርስቲያን በመሆናቸው ተገደሉ። ዜናው የተሰማ ቀን በአዲስ አበባ ጨርቆስ ሰፈር የነበረውን ለቅሶ ያየ አይረሳውም። እነዚያ ልጆች ገዳም አልገቡም፣ ቆብ አልጫኑም። እናታቸውን ሊጦሩ፣ ቤት ሊሠሩ የወጡ የሰፈር ልጆች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሰማዕታት ብላ ተቀበለቻቸው።

ለእነሱም ግንዘቱ ተነብቦላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ካህኑ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ከክርስቶስ ጋር መቀበር ነው፣ ሦስት ቀን መቃብር ማደር። ከዚያ አውጥቶ በአንገቱ ማተብ ያሥርለታል። ያ ሕፃን አያውቀውም እንጂ አንድ ጊዜ ሞቶ ተነሥቷል። በሌላ በኩል ሰው ሲሞት ደግሞ አርባውን፣ ሰማንያውን እየቆጠርን ተዝካሩን እናወጣለን። በመግቢያውም በመውጫውም በር ያው 40፣ ያው 80 ይቆጠራል። አባቶች ይህን ሲሠሩ ምን እንዳሰቡ የሚያስረዳኝ ሊቅ በዚያ ሰዓት አጠገቤ አልነበረም፤ ለእኔ ግን በጥምቀትና በመቃብር መካከል የተዘረጋ አንድ መንገድ ሆኖ ታየኝ። መነኩሴው ጎልማሳ ሆነው ያደረጉትን እኔ ገና 40 ቀኔ ላይ አድርጌዋለሁ ማለት ነው። አባቴም እንዲሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሕዝቡ አብዛኛው ተመልሶ ግቢው ሰፍቶ ነበር። ከቅዳሴው በፊት ለአንድ ካህን የአባቴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው፤ በቁራጭ ወረቀት ጻፉት። የስንቱ ስም በዚያ ወረቀት ላይ ተደርድሯል! አባቴ በሕይወት ሳለ በዚህ ስም የጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ንስሐ አባቱና እናቱ። ካረፈ ጀምሮ በውስጤ የነበረው አባቴ የሬሳ ሣጥን ውስጥ የነበረው ነው። ካህኑ ከስንቱ ስም መካከል ወልደ ሚካኤል ሲሉ ግን ስለ አንድ አሁን ስላለ ሰው የሚነገር መሰለኝ፤ የሚጸለይለት፣ የሚሰማ፣ የሚጠብቅ። ዕንባዬ መጣ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቁኝ የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉኝ። ንስሐ ገብቼ ሰንብቼ ስለነበር ያን ዕለት ቆረብኩ።

ሌሊቱ ከዚያ በኋላ ጨርሶ አላስፈራኝም ብል አልታመንም። አሁንም አንዳንድ ቀን እነቃለሁ። ግን መብራት ፍለጋ አልነሣም፤ ተኝቼ የአባቴን የክርስትና ስም እጠራለሁ፣ ቀጥዬ የአያቴን፣ ቀጥዬ የራሴን፣ ምሕረት እለምናለሁ። ብዙ ጊዜ ሳልጨርስ ይነጋል።

ከተመለስኩ በኋላ የመጀመሪያው ሥራዬ ጠበሉን ለአብሮ አደጌ ማድረስ ነበር። ሰውነቱ አልቆ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ጠያቂው ሁሉ «ትድናለህ፣ አይዞህ» ብሎት እንደሚሄድ ሚስቱ በር ላይ ነገረችኝ። ጠበሉን ቀምሶ ፊቱን ከተጠመቀ በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩና ስለ ጉዞው ጠየቀኝ። ስለ ማኅሌቱ፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ መግነዛቸው ነገርኩት። መነኩሴው የተናገሩትን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ።

«ተነሥ አሏቸው ነው ያልከኝ?»

«አዎ። ተሸፍነው ተኝተው ሳለ።»

«እኔ የምፈራውን ማንም አላስወራኝም» አለኝ ከቆየ በኋላ። «ሁሉም ትድናለህ ይለኛል። እኔ የምፈራው ሳልናዘዝ እንዳልሄድ ነው።»

የንስሐ አባቱን ስልክ ሚስቱ ሰጠችኝ። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ደወልኩላቸው፤ በማግሥቱ ከቅዳሴ እንደወጡ እንደሚመጡ ነገሩኝ። አብሮ አደጌ ሳይቆርብ የቆየበት ዘመን ረጅም ስለሆነ ለኑዛዜው ጊዜ እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ እኔም ውጭ ሆኜ እንድጠብቅ ለመነኝ። እሺ አልኩት።